ጃዝ ፒያኖ ለጀማሪ፦ ኮርድን በሁለት ጣት መጀመር

ይህ መመሪያ ጎንደር ተቀምጦ ጃዝ መጫወት ለሚፈልግ ጀማሪ ነው። ኪቦርድ አለው። አንድ ሁለት ዘፈን ወይም መዝሙር በጆሮው ለቅሞ ይጫወታል። ጃዝ ሲሰማ ግን ቀኝ እጁ ዜማውን ቢያገኘውም ግራ እጁ የሚይዘው ያጣል። ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ቀን ጣት የማይደርስበት ኮርድ (አንድ ላይ የሚነኩ ድምፆች) ይዘረግፉበታል።

እኔ የምለው ሌላ ነው። የጃዝ ኮርድ ነፍሱ ያለችው ሁለት ድምፅ ላይ ነው። እነዚያን ሁለት ድምፆች ማግኘትና በትንሹ ማንቀሳቀስ ከቻላችሁ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው። ጌጥ ደግሞ ቀስ ተብሎ ይጨመራል።

ጎንደር ዜማ የሞላባት ከተማ ናት። የማሲንቆ ክር አንድ ነው፤ የአዝማሪው ድምፅና ክሩ የሚሄዱት በአንድ ዜማ ነው። በአታ ለማርያም አቋቋም የሚማረው ደቀ መዝሙርም ማኅሌት ላይ የሚቆመው ከጓደኞቹ ጋር አንድ ዜማ ይዞ ነው። ስለዚህ ብዙ ድምፅ ባንድ ጊዜ መስማት ለጆሯችን አዲስ ሊሆን ይችላል። ይህ የችሎታ ጉዳይ አይደለም። እንዲያውም ዜማ በደንብ የያዘ ጆሮ ኮርድ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ድምፅ ለይቶ መከተል ይችላል። ከዚህ በታች ያለው ሥራ በሙሉ እሱን ነው የሚጠይቀው።

ፒያኖና ጎንደር አንድ ላይ ሲነሱ ፒያኒስቷን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ሳላነሳ አላልፍም። ስዊዘርላንድና ካይሮ ሙዚቃ የተማሩት እማሆይ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ጎንደር ላይ የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጥንተዋል። የሚጫወቱት ጃዝ አልነበረም። ግን ግራ እጃቸው ለዜማው እንዴት ቦታ እንደሚለቅ ስሙ። ለጃዝ ጀማሪ ትልቅ ትምህርት አለው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ለዚህ ሁሉ ይበቃል። ሲመርጡ አንድ ነገር ብቻ ይታይ፦ ቁልፉን ጠንከር አድርገው ሲነኩት ድምፁ የሚጨምር፣ ለስለስ ሲያደርጉት የሚቀንስ ይሁን። በባትሪ ድንጋይም የሚሠራ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ልምምዱ አይቋረጥም። ኪራይ ቤት የምትኖሩ ከሆነ የጆሮ ማዳመጫ ግዙ፤ አንዷን ኮርድ ደጋግማችሁ ስትመቱ ጎረቤት ይሰለቻል።

ድምፁን ፒያኖ ላይ አድርጉ። ከዚያ ስታይል የሚባለውን ነገር አጥፉት። በአንድ ጣት ስትነኩት ከበሮና ቤዝ ጨምሮ ሙሉ ባንድ የሚያወጣው ቁልፍ ማለቴ ነው። ለሠርግ ሥራ ጠቃሚ ነው፣ አልክድም። ሐርመኒ፣ ማለትም የድምፆችን አብሮ መሄድ፣ ለሚማር ሰው ግን መማር ያለበትን ሥራ እየነጠቀ እሱ ይሠራለታል።

መጀመሪያ፦ እርምጃ መቁጠር

የቁልፎቹን ስም በፊደል እጠራለሁ፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ። ዶ ሬ ሚ የለመዳችሁ ተጠንቀቁ፣ እዚህ ሲ የምለው ዶን ነው። ጥቁሮቹ ቁልፎች በሁለት በሁለትና በሦስት በሦስት ተቧድነው ተቀምጠዋል። ከሁለቱ ጥቁሮች በስተግራ ተጠግቶ ያለው ነጭ ሲ ነው። ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ላይ ከግራ ሦስተኛው ሲ መካከለኛው ሲ ይባላል።

አሁን አንድ እርምጃ ማለት ከአንድ ቁልፍ ወደ አጠገቡ ቁልፍ መሄድ ነው፣ ነጭም ይሁን ጥቁር። ከሲ ወደ ኢ ቁጠሩ፦ አራት እርምጃ። ከዲ ወደ ኤፍ፦ ሦስት እርምጃ። ኢና ኤፍ መሐል ጥቁር ስለሌለ በመካከላቸው ያለው አንድ እርምጃ ብቻ ነው። ቢና ሲም እንደዚያው። አራት እርምጃው ሰፊ ሦስተኛ፣ ሦስት እርምጃው ጠባብ ሦስተኛ ነው። ኮርድ የሚሠራው እነዚህን ሁለቱን በመደራረብ ነው።

ሦስቱ ኮርዶች

ጃዝ ውስጥ መሠረታዊው ኮርድ አራት ድምፅ አለው። ለጅምሩ ሦስት ዓይነት ይበቃችኋል።

ሜጀር 7፦ 4፣ 3፣ 4 እርምጃ። ከሲ ብትነሱ ሲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ቢ ይመጣል።
ማይነር 7፦ 3፣ 4፣ 3 እርምጃ። ከዲ ብትነሱ ዲ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ሲ።
ዶሚናንት 7፦ 4፣ 3፣ 3 እርምጃ። ከጂ ብትነሱ ጂ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኤፍ።

በኖታ ወረቀት ላይ አጻጻፋቸው ይለያያል። ከፊደሉ አጠገብ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ካያችሁ ሜጀር 7 ማለት ነው። የመቀነስ ምልክት ካለ ማይነር ነው። ባዶ 7 ቁጥር ብቻ ከሆነ ዶሚናንት ነው። ባዶ 7ን ሜጀር 7 አድርጎ መጫወት በጣም የተለመደ ጀማሪ ስህተት ነው፤ የዘፈኑን ስሜት ጨርሶ ይቀይረዋል።

እያንዳንዱን ኮርድ ከታች ወደ ላይ አንድ አንድ እያላችሁ ንኩ፣ በድምፃችሁም አብራችሁ ውጡ። ማዜም ግድ ነው። ድምፃችሁ የማያገኘውን ኮርድ ጆሯችሁም አላገኘውም።

ሁለቱ ድምፆች

አሁን ዋናው ቦታ ላይ ደርሰናል። አራቱ ድምፆች ስማቸውን የሚያገኙት ፊደሎቹን ከመነሻው በመቁጠር ነው፦ ሲን አንድ ብትሉ ኢ ሦስተኛ፣ ጂ አምስተኛ፣ ቢ ሰባተኛ ይሆናል። አራቱ እኩል ሥራ የላቸውም። የመጀመሪያው የኮርዱን ስም ይናገራል። አምስተኛው ብዙም የሚጨምረው የለም፣ ሊቀር ይችላል። ኮርዱ ሜጀር ይሁን ማይነር የሚለየው ሦስተኛው ነው። የረጋ ይሁን ወደ ሌላ ቦታ የሚገፋ፣ እሱን የሚናገረው ሰባተኛው ነው። ስለዚህ ቀኝ እጃችሁ ሦስተኛውንና ሰባተኛውን ብቻ ይያዝ፣ ግራ እጃችሁ መነሻውን ይያዝ።

ጃዝ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚደጋገመውን አካሄድ በዚህ እንሞክር። ሁለት–አምስት–አንድ ይባላል። በሲ ስኬል ላይ (ከሲ ተነስቶ በነጮቹ ቁልፎች ሲወጣ) ሁለተኛው ዲ፣ አምስተኛው ጂ፣ አንደኛው ሲ ስለሆነ ነው። ዲ ማይነር 7፣ ጂ 7፣ ሲ ሜጀር 7።

ቀኝ እጅ፦ አውራ ጣት ከመካከለኛው ሲ በላይ ያለው ኤፍ ላይ፣ ትንሿ ጣት ከእሱ በላይ ያለው ሲ ላይ። ግራ እጅ፦ ከመካከለኛው ሲ በታች ያለው ዲ። አንድ ላይ ንኩት። ይህ ዲ ማይነር 7 ነው።

አሁን አውራ ጣታችሁን ኤፍ ላይ ተዉት። አታንሱት። ከላይ ያለው ሲ ብቻ አንድ እርምጃ ወርዶ ቢ ይሁን፣ በቀለበት ጣት ያዙት። ግራ እጅ ወደ ጂ ይውረድ። ጂ 7 ሆነ።

ቀጥሎ ቢ ባለበት ይቆይ። አውራ ጣት ከኤፍ አንድ እርምጃ ወርዶ ኢ ላይ ይረፍ። ግራ እጅ ሲ ላይ። ሲ ሜጀር 7።

ልብ በሉ፣ ቀኝ እጅ ላይ በእያንዳንዱ ለውጥ የተንቀሳቀሰው አንድ ጣት ብቻ ነው፣ እሱም አንድ እርምጃ። መጀመሪያ የላይኛው ወረደ፣ ከዚያ የታችኛው ወረደ። ጥሩ ፒያኒስት ሲጫወት እጁ ሳይንከራተት ኮርዱ ሲለዋወጥ የምታዩት ለዚህ ነው።

ጂ 7 ላይ ስትደርሱ ቁሙ። ሲ ሜጀር 7ን አትንኩ። ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ጆሯችሁ አንድ ነገር እንዳልተጠናቀቀ ይነግራችኋል። ይህን የሚያደርጉት ኤፍና ቢ ናቸው። በመካከላቸው ስድስት እርምጃ አለ፣ ኦክታቩን (ከአንድ ሲ እስከ ቀጣዩ ሲ ያለውን ርቀት) እኩል ለሁለት ይከፍሉታል። ይህ ርቀት አይረጋም። ኤፍ አንድ እርምጃ ወደ ኢ ሲወርድ እረፍት ይገኛል። የጃዝ ሐርመኒ ሩጫና እረፍት በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህች ትንሽ እርምጃ ነው። እስክትጠግቡት ድረስ ስሙት፣ ወደ ቀጣዩ ለመሄድ አትቸኩሉ።

ምት

ኮርዱን አጥርቶ መያዝ ብቻውን ጃዝ አያደርገውም። ስዊንግ የሚባለው አካሄድ አንዱን ምት ለሁለት እኩል አይከፍለውም። ለሦስት እኩል ከፍላችሁ ሁለቱን ለመጀመሪያው፣ አንዱን ለሁለተኛው ድምፅ ስጡ፦ ረጅም–አጭር፣ ረጅም–አጭር። እዚህ ላይ እኛ ዕድለኞች ነን። ችክችካ ራሱ በሦስት በሦስት የሚከፈል ምት ነው። በእስክስታና በእልልታ መሐል ያደገ ሰው ይህን ክፍፍል ትከሻው ያውቀዋል። ልዩነቱ ጭነቱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው፤ ስዊንግ ውስጥ ጭብጨባው የሚያርፈው ሁለትና አራት ላይ ነው።

ስልካችሁ ላይ ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር መተግበሪያ) ጫኑ። 60 ላይ አድርጉትና እያንዳንዱን ቲክ ሁለትና አራት እንደሆነ ቁጠሩት። የሙዚቃው ፍጥነት 120 ሆነ ማለት ነው። መጀመሪያ ግራ ያጋባል። "አንድ" ስትሉ ቲክ የለም፣ "ሁለት" ስትሉ አለ። በእግራችሁ እየረገጣችሁ ሲቀመጥላችሁ ሁለት–አምስት–አንዱን በዚህ ምት ተጫወቱ፦ ዲ ማይነር 7 አራት ምት፣ ጂ 7 አራት ምት፣ ሲ ሜጀር 7 ስምንት ምት።

ከዚያ ኮርዱን ቁጥር አንድ ላይ አንዴ፣ ከሁለት በኋላ ባለችው አጭሯ ቦታ ላይ አንዴ ንኩት፦ "አንድ… ሁለት-እና"። "እና" ላይ የሚነካው አጠር ብሎ ይቆረጥ። ይቺው ናት። ለወራት ሌላ ምት ባትጨምሩም ከሰው ጋር መጫወት ትችላላችሁ።

ወደ ሌሎች መነሻዎች

በ12ቱም መነሻ መቻል ያስፈልጋል፤ ግን ባንዴ አይደለም። ከሲ ቀጥሎ ኤፍና ቢ ፍላትን ያዙ። ፍላት ማለት ከተጠራው ቁልፍ አንድ እርምጃ ዝቅ ያለው ነው። ሳክስፎንና ትራምፔት የሚነፉ ሰዎች በእነዚህ ብዙ ይጫወታሉ።

በኤፍ፦ ጂ ማይነር 7 (ቀኝ እጅ ቢ ፍላትና ኤፍ)፣ ሲ 7 (ቢ ፍላትና ኢ)፣ ኤፍ ሜጀር 7 (ኤና ኢ)።
በቢ ፍላት፦ ሲ ማይነር 7 (ኢ ፍላትና ቢ ፍላት)፣ ኤፍ 7 (ኢ ፍላትና ኤ)፣ ቢ ፍላት ሜጀር 7 (ዲና ኤ)።

ሕጉ እዚህም ያው ነው፦ የላይኛው ይወርዳል፣ ከዚያ የታችኛው ይወርዳል። ትራንስፖዝ የሚለውን፣ መላውን ኪቦርድ ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርገውን ቁልፍ፣ ለልምምድ አትንኩት።

ብሉዝ በሁለት ጣት

12 ባር ብሉዝ በዓለም ዙሪያ የማያውቀው የጃዝ ተጫዋች የለም። የትም አገር ሂዱ፣ "ብሉዝ በኤፍ" ካላችሁ መግባቢያ አገኛችሁ። ሦስት ኮርድ ብቻ ነው፣ ሦስቱም ዶሚናንት። እያንዳንዱ ባር አራት ምት ነው።

ከባር 1 እስከ 4፦ ኤፍ 7፣ ቢ ፍላት 7፣ ኤፍ 7፣ ኤፍ 7።
ከባር 5 እስከ 8፦ ቢ ፍላት 7፣ ቢ ፍላት 7፣ ኤፍ 7፣ ኤፍ 7።
ከባር 9 እስከ 12፦ ሲ 7፣ ቢ ፍላት 7፣ ኤፍ 7፣ ሲ 7።

አሁን የሚገርመውን እዩ። ኤፍ 7ን በኤና በኢ ፍላት ያዙ። ቢ ፍላት 7 ሲመጣ ሁለቱም ጣቶች አንድ እርምጃ ወደ ታች ይንሸራተቱ፦ ኤ ፍላትና ዲ። ሲ 7 ሲመጣ ደግሞ ከኤፍ 7 ተነስታችሁ ሁለቱም አንድ እርምጃ ወደ ላይ፦ ቢ ፍላትና ኢ። አለቀ። ቀኝ እጃችሁ መሐል ላይ ቆሞ አንድ ወደ ታች ወይም አንድ ወደ ላይ ይላል፣ ግራ እጃችሁ መነሻውን ይነግራል። ሙሉ ብሉዝ ተጫወታችሁ።

ይህ ሲለምድ ሁለቱን ጣቶች ወደ ግራ እጅ አዛውሯቸውና ቀኝ እጅን ለዜማ ነፃ አድርጉት። መነሻው ይቀራል። ቤዝ የሚጫወት ሰው ካለ እሱ ይይዘዋል፣ ከሌለም ጆሯችሁ ይሞላዋል።

ጌጡን መጨመር

ሁለቱ ድምፆች እጃችሁ ውስጥ ከገቡ በኋላ ብቻ ወደዚህ ኑ። የጃዝ ፒያኒስቱ ቢል ኢቫንስ ታዋቂ ካደረጋቸው አያያዞች አንዱ መነሻውን ትቶ ዘጠነኛና አሥራ ሦስተኛ (ቆጠራው ከሰባተኛው በላይ ሲቀጥል የሚገኙትን ድምፆች) የሚጨምረው ነው። በግራ እጅ ይያዛል፦

ዲ ማይነር፦ ኤፍ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኢ።
ጂ፦ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ፣ ኢ።
ሲ ሜጀር፦ ኢ፣ ጂ፣ ቢ፣ ዲ።

ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ሲ ብቻ ወደ ቢ ወረደ። ሌላው አልተነቃነቀም። ቅድም የተማራችሁት ያው ነው፣ ልብስ ለብሶ መጣ። የታችኛውን ኤፍ ከመካከለኛው ሲ በታች ያለውን አድርጉት። ከዚያ ዝቅ ካለ ድምፁ ይደፈርሳል።

ቅኝቶቻችንን በኮርድ

ሁሉም ሰው እዚህ ላይ መድረስ ይፈልጋል። ልክ ነው። ጅማ ተወልዶ ቦስተን በርክሊ የተማረው ሙላቱ አስታጥቄ ያሳየው አንድ ነገር ባለ አምስት ድምፁ ቅኝትና ባለ 12 ድምፁ የጃዝ ሐርመኒ አብረው መኖር እንደሚችሉ ነው። ግን ተጠንቀቁ። የትዝታን ዜማ ይዞ ከሥሩ ማንኛውንም የፈረንጅ ኮርድ መደርደር ቅኝቱን ይሰብረዋል። የእኔ ምክር ኮርዱን ከቅኝቱ ከራሱ አምስት ድምፆች ማውጣት ነው።

ትዝታ ሜጀር፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። ግራ እጅ ሲና ጂ፣ ቀኝ እጅ ኢ፣ ኤ፣ ዲ ከታች ወደ ላይ። አምስቱም ድምፆች ገቡ፤ ጃዝ ተጫዋቾች በየቀኑ የሚጠቀሙበት ኮርድም ነው። ኤፍና ቢ እዚህ የሉም። ስለዚህ ጂ 7ን እዚህ ላይ መጨመር ዜማውን ከአገሩ ያስወጣዋል።

ትዝታ ማይነር፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። እዚህ ሲ ማይነር (ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ) እና ኤ ፍላት ሜጀር 7 ሁለቱም ከቅኝቱ ሳይወጡ ይገኛሉ። ኤ ፍላቱን እንዲህ ያዙት፦ ግራ እጅ ኤ ፍላትና ኢ ፍላት፣ ቀኝ እጅ ሲ፣ ዲ፣ ጂ። በሁለቱ ኮርዶች መካከል ቀስ ብላችሁ ተመላለሱ፣ ላዩ ላይ አንጎራጉሩ።

ባቲ ሜጀር፦ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ። ኤፍና ቢን እዩአቸው። ቅድም ጂ 7 ውስጥ ያገኘናቸው የማይረጉት ሁለቱ ናቸው። ስለዚህ ባቲ ሜጀር ላይ ከጂ 7 ወደ ሲ ሜጀር 7 መሄድ ከቅኝቱ አያስወጣም፤ ዲን ብቻ ተዉት።

አምባሰል፦ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። መነሻው ሲ ነው፣ ግን ሲ ላይ ሦስተኛ ድምፅ የለም። ኢም ኢ ፍላትም የሉም። እዚያ ላይ ሜጀር ወይም ማይነር ኮርድ አታስገድዱ። ሲና ጂን ባዶአቸውን ያዙ። ዜማው ከመነሻው ራቅ ሲል ዲ ፍላት ሜጀር 7ን፣ ማለትም ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ኤ ፍላት፣ ሲን ስጡት። አንቺሆዬን ለጊዜው ያለ ኮርድ ተጫወቱት፤ አንድ የሚጎተት የግራ እጅ ድምፅ ይበቃዋል።

ከሰው ጋር ስትጫወቱ

ብቻ መለማመድ እስከ አንድ ቦታ ነው የሚያደርሰው። ጎንደር ላይ ማሲንቆ የሚመታ ሰው ፈልጎ ማግኘት ከባድ አይደለም። ማሲንቆ ግን የሚቃኘው ለዘፋኙ ድምፅ እንዲመች ነው፣ ኪቦርዱ ደግሞ እንደ ክሩ በቀላሉ አይቃኝም። መጀመሪያ መነሻ ድምፁን ያሰማችሁ። ከኪቦርዱ ላይ ፈልጉት። በሁለት ቁልፍ መሐል ከወደቀ ቅርብ ያለውን ቁልፍ ነክታችሁ አቆዩለትና ክሩን እሱ ያስተካክል፤ በትሕትና ጠይቁት፣ ባለሙያ ነውና ወዲያው ያገኘዋል። መነሻው ገና ያልተለማመዳችሁት ቁልፍ ላይ ከሆነ ያኔ ትራንስፖዝን ተጠቀሙ፣ ለዚህ ነው የተሠራው።

ሲጀምር ኮርድ አትደርድሩበት። የመጀመሪያውን ዙር መነሻውንና አምስተኛውን ብቻ በግራ እጅ ያዙለት። በሁለተኛው ዙር ከቅኝቱ የወጡ ሁለት ድምፆችን በቀኝ እጅ አስገቡ፣ ስንኙን ጨርሶ ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታ ላይ። በግጥሙ መሐል አትግቡ።